ውሃን ምን ያናግረዋል?

«ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ» ይባላል። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምናመጣው፣ ሰው ካልነኩት በቀር ዝም ብሎ እንደሚኖር ለመናገር ነው። ወንዝ በጀልባ ለሚወርዱ ሰዎች ግን ነገሩ ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነው። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ውሃ ድምፅ የለውም። ከሥሩ ቋጥኝ ሲያገኝ ይጮኻል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ አረፋ ደፍቆ ይነጣል። ፈረንጆቹ «ነጭ ውሃ» የሚሉት ይህንኑ ነው። አየር በተሞላ የጎማ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ መቅዘፊያ ጨብጦና የራስ ቁር ደፍቶ በዚህ ነጭ ውሃ መውረድን ደግሞ «ራፍቲንግ» ብለው ስፖርት አድርገውታል።

አባቶቻችን ቢሰሙ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለታቸው አይቀርም ነበር። ደግሞም አይፈረድባቸውም። ለእኛ ወንዝ የሚሻገሩት እንጂ የሚወርዱት ነገር ሆኖ አያውቅም። ለጎጃሜ አባይ ማለት በእሱና በበጌምድር፣ በእሱና በሸዋ መካከል የተጋደመ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጣል። በጋ መጥቶ ውሃው ሲጎድል መልካ ተፈልጎ ይታለፋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የወንዙን ጉዞ «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለን ተረትንበት እንጂ ተከትለን አልሄድንም።

ይሁን እንጂ የዚህ ስፖርት ታሪክ ከሚኮራባቸው ምዕራፎች አንዱ የተጻፈው በዚሁ በእኛው ወንዝ ላይ ነው። ዛሬ ወጣቶች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄም አለ፤ «ገንዘብ ከፍለን ባለሙያ መሪ ሳንቀጥር፣ እኛው ለእኛው ወንዝ ወርደን በሰላም መመለስ እንችላለን ወይ?» ለዚህ ጥያቄ ከአባይ ታሪክ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ወራጆች በሙሉ የሄዱት ያለ መሪ ነው። ቢፈልጉስ ከየት ያመጡታል? መንገዱን የሄደበት ሰው አልነበረማ! (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማስቀመጤን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ወንዙን እናስታውስ። አባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል። በመካከሉ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በዚህ ርቀት ውስጥ መጀመሪያ ጢስ እሳት ላይ 40 ሜትር ያህል ተወርውሮ ይወድቃል፤ ከዚያም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ወዳለው ሸለቆ ይገባል። አንዴ ወደ ገደሉ ከገቡ በኋላ «በቃኝ፣ ልውጣ» ማለት ቀላል አይደለም። ቀና ብለው የሚያዩት ሰማይ እንኳ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ነው።

በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጠጋ ተገጣጣሚ የብረት ጀልባዎች አሠርቶ መጣ። ገንዘብ ነበረው፣ ከአጼ ምኒልክ ፈቃድም ነበረው። ጀልባዎቹ ግን ወንዙ ላይ በወረዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ከድንጋይ ተጋጭተው ተሰባበሩ። ብረት ከቋጥኝ ጋር ሲጣላ የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ሰው የተለየ ጠባይ ነበረው። ሜጀር ቺስማን ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲቀመጥ የአባይን ካርታ የሠራው በጀልባ አይደለም። በበቅሎና በእግር፣ የገደሉን አፋፍ እየተከተለ፣ አልፎ አልፎም ወደ ውሃው እየወረደና እየወጣ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው። የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። ጀብዱ ለሚወድ ሰው ይህ አሰልቺ ሥራ ሊመስል ይችላል። ግን ልብ በሉ፤ ባለጠጋው በጥቂት ኪሎ ሜትር ያጣውን ወንዝ በቅሎኛው ከዳር እስከ ዳር አወቀው። መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መግባት የሚለው የወንዝ ወራጆች ሕግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ በዚህ ሕግ የሄዱ አልነበሩም። በ1962 ከጄኔቭ የመጡ የስዊስና የፈረንሳይ ቀዛፊዎች በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ካለው ከሻፋርታክ ድልድይ ተነስተው ቁልቁል ወረዱ። ውሃውን ቻሉት። ያልቻሉት የብስ ላይ የጠበቃቸውን ነው። ሌሊት በሰፈሩበት ሽፍቶች ተኮሱባቸውና ሁለቱ እዚያው ቀሩ። የወንዝ ጉዞ አደጋ ውሃ ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ የተማሩት በነፍሳቸው ከፍለው ነው።

በ1965 ደግሞ አርነ ሩቢን የሚባል ስዊድናዊ ብቻውን በታንኳ ከሻፋርታክ ተነስቶ ሱዳን ገባ። በዓመቱ አንድ ባልንጀራ ጨምሮ የላይኛውን ክፍል ሞከረ። ብዙ ሳይርቁ ታንኳቸው ተገለበጠና ጉዞው ተቋረጠ። ሰውዬው ያው ነው፣ ወንዙም በስሙ ያው አባይ ነው። በአምናው ድል የዘንድሮው ክፍል አልተገዛም። «አባይን ወርጄዋለሁ» የሚል ሰው የትኛውን አባይ፣ በየትኛው ወር ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከጣና እስከ ሻፋርታክ ያለው አንድ ወንዝ ነው፤ ከሻፋርታክ በታች ያለው ሌላ።

ትልቁ ዘመቻ የመጣው በ1968 ነው። ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በአጼ ኃይለ ሥላሴ ይሁንታ ወታደሮችን፣ ሳይንቲስቶችንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦችን ይዞ ወንዙ በሞላበት ወቅት ገባ። ለታችኛው ክፍል ሞተር ያላቸው የጦር ጀልባዎች፣ ለላይኛው ነጭ ውሃ ደግሞ ትናንሽ የጎማ ጀልባዎች አሰለፈ። አየር የተሞላ ጎማ ቋጥኝ ሲነካ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ እንደ ማክሚላን ብረት አይሰበርም። ብዙዎች የዛሬው ራፍቲንግ ታሪክ ውስጥ ይህን ጉዞ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ያ ሁሉ ዝግጅት ግን ሞትን አላስቀረም። ኢያን ማክሎድ የተባለ ወታደር በዚያ ጉዞ ሰጠመ። የሞተው የት ይመስላችኋል? ከጢስ እሳት ሥር? ከገደሉ ጥልቅ ውስጥ? አይደለም። በእግር ከሚጓዘው ቡድን ጋር ሆኖ አንድ የሞላ ገባር ወንዝ ለመሻገር ሲሞክር ነው። ስሙ ካርታ ላይ ከአባይ አጠገብ በትንሽ ፊደል የሚጻፍ ወንዝ! በዚያው ጉዞ ላይ ክሪስ ቦኒንግተን ነበረ። በ1962 አይገር የተባለውን የአልፕስ ተራራ አስፈሪ ሰሜናዊ ግድግዳ የወጣ ሰው ነው። እሱም ከጀልባ ተወርውሮ ለጥቂት ተርፏል። ተራራ ላይ የሚያስከብር ጉብዝና ውሃ ውስጥ ገንዘብ አይሆንም ማለት ነው።

በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ የላይኛውን አባይ ወረደ። ከአዞም ከሽፍታም ተርፎ አገሩ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ከኤቨረስት ሥር የሚነሳውን ዱድ ኮሲን ወርዶ ስሙ ገነነ። በ1978 ግን ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ ወንዝ ላይ የተቸገረ ጓደኛውን ሊያድን ሲል ውሃ ወሰደው። ይህን ታሪክ የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። በነጭ ውሃ ከሚሞቱት መካከል ሌላውን ለማዳን ዘለው የሚገቡ ስላሉ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች የማዳንን ቅደም ተከተል እንደ ጸሎት የሚያስደግሙት፤ መጀመሪያ ከዳር ሆነህ ተጣራ፣ ቀጥሎ እንጨት ወይም መቅዘፊያ ዘርጋ፣ ካልደረሰ ገመድ ወርውር፣ ከዚያም ጀልባ ላክ፤ ራስህ መዋኘት የመጨረሻው ነው። ልብ እንደዚህ አያዝም። ስለዚህ አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከአባይ መነሻ ተነስተው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ሚያዝያ ውስጥ እስክንድርያ ደረሱ። በ2005 መጀመሪያ ደግሞ አንድ ካናዳዊና አንድ የኒውዚላንድ ሰው አምስት ወር ያህል ቀዝፈው፣ በሞተር ሳይረዱ ያንኑ ጉዞ ጨረሱ። እንግዲህ ይቻላል። ጥያቄው እንዴት ተቻለ የሚለው ነው።

ለእኔ የሚታየኝ ይህ ነው። መሪ ስንል ሰው አድርገን እናስባለን፤ ከፊት ተቀምጦ «ቅዘፍ! አቁም!» የሚል ሰው። የመሪ ዋጋው ግን ጩኸቱ አይደለም። ያንን ቋጥኝ ትናንት አይቶታል፣ ውሃው በዚህ ከፍታ ላይ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ መውጫው የት እንደሆነ ያውቃል። መሪ ማለት እውቀት ነው። ያለ ቅጥር መሪ መሄድ ይቻላል፤ ያለዚያ እውቀት ግን አይቻልም። አባይን ወርደው የተመለሱት ሁሉ እውቀቱን በራሳቸው ጉልበት ሰበሰቡት። ነጭ ውሃው ሲጮኽ ሰምተው ከላይ ዳር ያዙ፣ ወርደው በእግር ሄዱ፣ አዩ፣ ተከራከሩ፣ ካልተስማማቸው ጀልባቸውን ተሸክመው አለፉ።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አያውቁም። በኮሎራዶ ወንዝ ግራንድ ካንየን ውስጥ ያለ ነጋዴ አስጎብኚ መውረድ ይፈቀዳል። ነገር ግን ፈቃዱ በዕጣ ነው፣ በቡድኑ ውስጥ ልምድ ያለው ቀዛፊ መኖር አለበት፣ ከመነሳታቸው በፊትም ዕቃቸው ይፈተሻል። ቅጥር መሪ ቀረ ማለት ኃላፊነት ቀረ ማለት አይደለም፤ ከተቀጣሪው ትከሻ ወርዶ የሁሉም ትከሻ ላይ ተጫነ ማለት ነው እንጂ።

ወንዙ ስለሚገድልበት መንገድም ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው የሚፈራው ጥልቁን ነው። ጉልበት ድረስ ያለ ፈጣን ውሃ ግን ይገድላል። ከጀልባ የወደቀ ሰው ቶሎ በእግሩ ሊቆም ይሞክራል፣ እግሩ ሁለት ድንጋይ መካከል ይገባል፣ ውሃው ከኋላ ይገፋዋል፣ ወገቡ ይታጠፋል፣ አለቀ። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና በክንድ ተደግፎ መነሳት አይታሰብም። ስለዚህ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ቁልቁል ዘርግቶና ከውሃው በላይ አንስቶ፣ ወደ ዳር እየቀዘፈ ይሄዳል። የሚቆመው ውሃው እርጋታ ሲያገኝ ነው።

«ግንድ ይዞ ይዞራል» ያልነው አባይ ግንዱን ሁልጊዜ ይዞት አይሄድም። አንዳንዴ ቋጥኝ ላይ ያጋድመዋል። ውሃ በቅርንጫፎቹ መካከል እንደ ወንፊት ያልፋል፤ ሰው አያልፍም። ከሩቅ ካዩት መሸሽ ነው። ማምለጥ ካልተቻለ ግን ያ በጀርባ የመንጋለል ሕግ ይገለበጣል፤ በደረት ተዙሮ፣ በኃይል ዋኝቶ ግንዱ ላይ መውጣት ነው።

ሦስተኛው አዘናጊ ደግሞ ትንሹ ግድብ ነው። ለመስኖ የተሠራ፣ ቁመቱ ከሰው የማይበልጥ፣ ውሃው እንደ መጋረጃ በእኩል የሚወርድበት። ልጆች ሊዋኙበት የሚመርጡት ዓይነት። ከሥሩ የሚወድቀው ውሃ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይመለሳልና የገባውን ሰውም፣ ግንድም፣ ጀልባም እዚያው ያሽከረክራል፣ አይለቅም። የጢስ እሳትን ግርማ ያየ ሰው ይጠነቀቃል። እዚህ ግን የሚያስፈራ ነገር አይታይም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላውን በአጭሩ። የሕይወት አድን ጃኬትና የራስ ቁር መዋኘት ለሚችልም ለማይችልም ነው፤ ራሱን የመታው ዋናተኛ አይዋኝም። ገመድ በእጅ ይያዛል እንጂ ሰውነት ላይ አይታሰርም፤ የታሰረን ሰው ውሃው ወደ ታች ይጫነዋል። አንድ ጀልባ ብቻውን አይሄድም፤ ሲገለበጥ የሚለቅመው ሌላ ያስፈልጋል። ራስጌ ዝናብ ከጣለ በጠራ ሰማይ ሥር ደራሽ ሊመጣ ይችላልና ድንኳን ከውሃው ራቅ ብሎ ይተከላል። መጠጥ ከጉዞ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን ወርደው በግብጾች የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ የሚባል የጉዞ ድርጅት መሠረቱ። ባንግስ በኮሎራዶ ላይ መሪ ነበር። እዚህ ግን እሱም እንደማንኛውም እንግዳ ነበር፤ በነዚያ ዓመታት ባሮ ላይ አንድ ባልንጀራቸውን ውሃ ነጥቋቸዋል። በ1996 ተመልሶ ተከዜን ወረደና መጽሐፍ ጻፈ። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬም ይገኛሉ። ያለ መሪ መሄድ የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ የሚያነሳው እነሱን ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ወንዝ ዛሬ የለም።

ተከዜ በ2009 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተዘግቷል። ኦሞን በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ይዞታል። የአባይን መውጫ በ1996 የተሠራው የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ይመጥነዋል፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይለቀዋል። በ2020 ውሃ መያዝ የጀመረውና በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ የተኛ ሐይቅ ፈጥሯል። የጄኔቭ ሰዎችና ሩቢን የቀዘፉበት የታችኛው ውሃ ብዙ ክፍል ዛሬ ከሐይቅ በታች ነው። ግድብ ያለበት ወንዝ ደግሞ የሚሞላውና የሚጎድለው በክረምትና በበጋ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲጨምር ውሃ ይለቀቃል። ያለ አንዳች ደመና ወንዙ ሊነሳ ይችላል። እና ያለ መሪ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከበላዬ ያለው ግድብ መቼ ውሃ ይለቃል?» መሆን አለበት።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው የወንዙ ዳር ሰው ነው። ሞጣ አካባቢ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በአጼ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል የአካባቢው ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። በሁለቱ ጫፍ ጎልማሶች ይቆማሉ፣ መንገደኛው ገመድ ይታጠቃል፣ ከአባይ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ሐኪም። አንድ አሜሪካዊ ይህን ትዕይንት በመጽሔት ፎቶግራፍ ላይ አይቶ በ2002 ሰዎች አስተባብሮ ድልድዩን አስጠገነ። በ2005 ሙላት ጠረገው። በኋላ ከሙላቱ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ገመድ ሲጎትቱ የኖሩ ሰዎች ወንዙ የትኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ሰው እንደማይሻገር ያውቁ ነበር። በፈረንጆቹ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታዩት እንደ ተሸካሚና እንደ ተመልካች ነው። እኔ ግን የአባይ ባለሙያ መሪዎች እነሱ ናቸው እላለሁ። ወረቀት የላቸውም፣ ቁርም አይደፉም። ግን ትናንት ያዩት ውሃ ነው። ከአዲስ አበባም ይሁን ከዋሽንግተን ጀልባ ጠቅልሎ የሚመጣ ወጣት፣ ጀልባውን ከመንፋቱ በፊት እነሱ ዘንድ ተቀምጦ ቡና ቢጠጣ ነውር የለውም። «እዚህ ጋ ሰው ሞቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከየትኛውም ካርታ የተሻለ መልስ ያገኛል።

«ተዉት» ካሉት ደግሞ ይተወው። የ1968ቱም ሆኑ የ2004ቱ ተጓዦች፣ ስማቸው የገነነውም ያልገነነውም፣ ጢስ እሳት ሲደርሱ ጀልባቸውን ትተው በእግራቸው ሄደዋል። ማንም ፈሪ አላላቸውም።